«ቆይቶ» ያልኩት ፋይል

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እጠራጠራለሁ። ጦርነት የለበትም፤ ስሙ የታወቀ ሰውም የለበትም። ያለው ዘጠኝ ትንንሽ ሰርቨር፣ አንድ አጭር ስክሪፕት፣ የአንድ ዘበኛ ጋቢ እና እኔ በጊዜው ያላነበብኩት አንድ ፋይል ነው። «ይህን ማን ይፈልገዋል?» እያልኩ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ደግሞም እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ እዚሁ ጎንደር፣ የኮምፒውተር ሳይንስ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች «እትዬ አስካል» እያሉ ወንበር ይለቁልኛል፤ ፈተና ሲደርስ ግን ማስታወሻዬን ለመዋስ የሚቀድማቸው የለም። ስለዚህ ቃል ብስት አንባቢ ይታገሠኝ። የማውቀውን በቅደም ተከተሉ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰው ሽታ ነው። ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ አንድ ብርዳማ ጠዋት፣ በቤተ ሙከራው ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ የረጠበ ነጠላዋን እንዲደርቅላት ብላ በሚሠራው ኮምፒውተር ላይ ጣል አደረገችው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሞቀ ጥጥና የአቧራ ሽታ መጣ። እጄ ከፊደል ሰሌዳው ላይ ተነሣ። ያን ሽታ ከደባርቅ በላይ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አውቀዋለሁ። መምህራችን በዚያው ሰዓት ሰሌዳው ላይ የዕለቱን ሥራ ይጽፉ ነበር፤ ብዙ የሩቅ ሰርቨሮችን በአንድ ስክሪፕት ማደስ። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ መምህር ናቸውና አንቱ እላቸዋለሁ። ዞር ብለው፣ «እሺ፣ ከሰርቨሮቹ አንዱ ባይመልስ ስክሪፕታችሁ ምን ያድርግ?» አሉ። ከኋላ አንዱ፣ «ይዝለለው፣ መምህር» አለ። «ከዚያስ?» ሲሉት፣ «ከዚያማ ይቀጥላ! ቆሞ ሊያለቅስ ነው?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ወጣት በነበርኩበት ዘመን የምሠራበት ቢሮ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ነበር፣ ጣሊያን በሠራው ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከወረቀትና እስክሪብቶ መሸጫው በላይ። መስኮቶቹ ረጃጅም ስለነበሩ ብርሃኑም ብርዱም ሳይሰስት ይገባ ነበር። ማዶ ፎቶ ቤት አለ፤ በመስታወቱ ውስጥ የሙሽሮች ሥዕል እየደበዘዘ ለዓመታት ተቀመጠ። ከጎኑ ሙዚቃ ቤቱ ካሴቱን ወደ ሲዲ የሚቀይርበት ጊዜ ነበር፤ በሩ ላይ ከሰቀለው ድምፅ ማጉያ አንዱን ዘፈን ሳምንቱን ሙሉ ይደጋግመዋል፤ ሳንወድ በግድ ቃሉን እንሸመድዳለን። ማኪያቶ ሦስት ብር ነበር፤ በላዩ ላይ ቡናማዋን መስመር የሚሠራው አስተናጋጅ መስመሯ ካላማረችው ደፍቶ እንደገና ይቀዳ ነበር። ባጃጅ ገና መግባቷ ስለሆነ አሮጊቶች ከመሳፈራቸው በፊት ያማትቡባት ነበር። ወንዶቹ ሹል ጫማ፣ እኛ ደግሞ ትከሻው ከፍ ያለ ኮት እንለብሳለን። የእኔ ኮት አረንጓዴ ነበር፤ ከእንፍራንዝ እስከ ደባርቅ ያለውን አቧራ ሁሉ ያውቀዋል።

ሥራችን ይህ ነበር። በዘጠኝ ጤና ጣቢያዎች ውስጥ አንዳንድ ትንሽ ሰርቨር፣ መረጃ የሚያኖር ኮምፒውተር፣ ተቀምጧል። የበሽተኞች መዝገብ እዚያ ይገባል፤ ከየጣቢያው ተወስዶ ጎንደር ላቦራቶሪ የተመረመረው ናሙና ውጤቱ በስልክ መስመር ወደዚያው ሰርቨር ይመለሳል። ገበሬው ለአንድ ወረቀት ብሎ ሁለት ቀን እንዳይጓዝ ነው። የሰርቨሮቹ ፕሮግራም በየወሩ መታደስ ነበረበት። በመጀመሪያው ዓመት ይህን የምናደርገው በእግራችን ነበር ማለት ይቻላል። ፍላሽ በመሐረብ ቋጥሬ፣ አንዱን ሳምንት ወደ ጠዳና እንፍራንዝ፣ ሌላውን ሳምንት ወደ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባትና ደባርቅ በአውቶቡስ እዞራለሁ። መጨረሻዋ፣ ከሁሉም የራቀችው፣ ከደባርቅ አልፎ በጭነት መኪና፣ ከዚያም በእግር የሚደረስባት ናት። ስሟን አልጠራም፤ በቢሮ «ላይ ጣቢያ» እንላት ነበር። ዘጠኙን ዞሬ ስጨርስ ሁለት ሳምንት አልቋል፤ ጉሮሮዬም ተዘግቷል።

ስክሪፕት መጻፍን የተማርኩት ከአንድ የተባዛ መጽሐፍ ነው። ለማያውቅ አንባቢ፣ ስክሪፕት ማለት ለኮምፒውተር የምንሰጣቸው ትእዛዞች በተርታ የተጻፉበት ፋይል ነው። የእኔው የዘጠኙን ጣቢያ ስም ከዝርዝር ያነባል፤ አንዷን በመስመር ይጠራል፤ ስትመልስ ይገባል፤ አዲሱን ፕሮግራም ያስቀምጣል፤ ሰርቨሩን አጥፍቶ ያስነሣል፤ ይወጣና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ለመጻፍ ወር ፈጀብኝ። የመጀመሪያ ቀን ስናስኬደው የቢሮው ሰው ሁሉ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ኃላፊያችን ጋሽ ሙሉነህ፣ ሁልጊዜ ቡናማ ኮትና ባርኔጣ የማይለያቸው፣ «ስንት ቀን ነበር የሚፈጅብሽ?» አሉኝ። «አሥራ አራት፣ ጋሼ።» «አሁንስ?» «አርባ ደቂቃ።» ባርኔጣቸውን አነሡልኝ። ሰው ሲሞት ካልሆነ በቀር ባርኔጣቸውን ሲያነሡ አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ያገኘሁትን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ እንዲያውም ጥፋቴ የጀመረው ከዚያ ደስታ ይመስለኛል።

ያ ቀን የሥራ ቀን ስለነበር ነርሶቹ ደውለው፣ መዝገብ እየጻፍን መሃል ላይ ጠፋብን ብለው ተቆጡ። ስለዚህ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ እንዲሆን ወሰንን። እሑድ ማንም ሰርቨሩን አይነካውም፤ መስመሩም ባዶ ነው። እኔም ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን ሳላወልቅ ቢሮ ገብቼ ስክሪፕቱን አስነሣለሁ። ዘገባው በማተሚያው ወጥቶ ሰኞ ጠዋት ጋሽ ሙሉነህ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቃቸዋል። በመጀመሪያው እሑድ ስምንቱ ጣቢያዎች ታደሱ፤ ላይ ጣቢያ ግን አልመለሰችም፤ ስክሪፕቱም እዚያው ቆመ። ሰኞ ማለዳ ጋሽ ሙሉነህ ያገኙት አንድ ገጽ ሙሉ የእንግሊዝኛ የስሕተት መልእክት ነው። በዚያ ሰሞን ልባቸውን አሟቸው ሐኪም «አይደንግጡ» ብሏቸው ነበር።

«አስካል!» ብለው ጠሩኝ። «ይኸ ምንድን ነው?»

«ላይ ጣቢያ አልመለሰችም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እንዲህ ይነገራል? ሰው እንኳ ሲሞት ዘመድ ተጠርቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውየው ተቀምጦ ነው መርዶ የሚነገረው። አንቺ ገና ኮቴን ሳላወልቅ ትጮኺብኛለሽ?»

ቢሮው ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። በቀልድ ነው ያሉት። እኔ ግን እንደ ትእዛዝ ወሰድኩት። ላይ ጣቢያን በዚያው ሰኞ ሞከርኳት፤ መለሰች፤ አደስኳት። ከዚያ ስክሪፕቱን ለማሳመር ተቀመጥኩ። ሰው ቤት ስንገባ «ደህና ናችሁ?» ሲሉን፣ ቤታችን ምን ቢሆን፣ መጀመሪያ «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ክፉው ወሬ ከተቀመጥን በኋላ፣ ቀስ ብሎ፣ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ስክሪፕቴንም እንዲሁ አስተማርኩት። የእያንዳንዷን ጣቢያ ስም ሲጠራ ገና ከመሞከሩ በፊት በዘገባው ላይ «ደህና» ብሎ ይጽፋል። ያልመለሰች ካለች ዘሏት ይሄድና ስሟን በሌላ ፋይል ያስቀምጣል። ለፋይሉ «ቆይቶ» የሚል ስም ሰጠሁት። እኔ ሰኞ አንብቤ፣ አጣርቼ፣ ጋሽ ሙሉነህ ሻያቸውን ከጠጡ በኋላ በለሰለሰ ቃል ልነግራቸው ነው። ዘገባው ሲወጣ እጅግ ያምር ነበር፤ ዘጠኝ ስም፣ ዘጠኝ ደህና። ጋሽ ሙሉነህ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

በሚቀጥለው ወር «ቆይቶ»ን ከፈትኩ። ላይ ጣቢያ የሚል አንድ መስመር አለበት። ብሞክራት መለሰች። መልስ መስጠቷና አዲሱ ፕሮግራም ለእሷ መድረሱ ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን አውቅ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ እመለስበታለሁ ብዬ ፋይሉን ዘጋሁት። አልተመለስኩም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ጨርሶ አልከፈትኩትም። ዘጠኝ ደህና እያየሁ ምን ልፈልግ? ላይ ጣቢያ በ«ቆይቶ» በተጻፈችበት በዚያ የመጀመሪያ ወር ላቦራቶሪው የውጤት ቅጹን ቀይሮ ነበር። አዲሱን ቅጽ ማንበብ የሚችለው የታደሰው ፕሮግራም ብቻ ነው። ያልታደሰ ሰርቨር ውጤቱን ይቀበለዋል፤ ግን ለማንም አያሳየውም።

አንድ ቀን የላይ ጣቢያ ነርስ ሲስተር በላይነሽ ደወለች። የጣቢያው መስመር ለሰርቨሩ ብቻ ስለሆነ የምትደውለው ሞባይል ከሚይዝበት ኮረብታ ላይ ነው፤ ነፋሱ ድምጿን ይወስደዋል። «አስካልዬ፣ ምነው ከእኛ ዘንድ ብቻ ውጤት የሚጠፋው? ዳባት ላሉት ይመጣል አሉን። ሰዉን ‹አልመጣም፣ አልመጣም› እያልኩ መመለስ አሳፈረኝ።» ስልኩን ዘግቼ «ቆይቶ»ን ከፈትኩ። አራት መስመር ነበረው። ላይ ጣቢያ። ላይ ጣቢያ። ላይ ጣቢያ። ላይ ጣቢያ። ጋሽ ሙሉነህ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። አራቱን መስመር አነበቡ። ከዚያ ከኪሳቸው የታጠፉትን ዘገባዎች አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጓቸውና፣ «ታዲያ ይኸ ሁሉ ደህና የማን ነው?» አሉኝ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። በዚያው ቀን በመስመር ልልክ ብሞክር ሦስት ጊዜ መሃል ላይ ተቋረጠብኝ። ፍላሹን በመሐረብ ቋጠርኩና በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

መንገዱን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ። ደባርቅ ገበያ ውስጥ ነጭ ሽንኩርቱ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ይሸጣል። ከዚያ በላይ በገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጬ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል በቆመበት ተረተር ላይ በእግር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። በሩን የከፈቱልኝ የጣቢያው ዘበኛ አያ ጥጋቡ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የድሮ ወታደር ካፖርት የለበሱ፣ ቁልፋቸውን በጠፍር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ። ክፍሉ ውስጥ ስገባ ያ የሞቀ ጥጥ ሽታ ተቀበለኝ። ሰርቨሩ ጋቢ ለብሷል።

«ምነው አለበሷት፣ አያ ጥጋቡ?»

«ብርድ ነዋ! አንችስ ለብሰሽ የለ?»

«ሙቀት አትወድም እኮ። ልትታፈን ትችላለች።»

«ምን አስጨነቀሽ! መተንፈሻ አውጥቼላታለሁ፤ ይኸውልሽ» ብለው በጋቢው ቀዳዳ ጣታቸውን አስገብተው አሳዩኝ። የማራገቢያው ነፋስ በዚያ በኩል ይወጣል። «አስተውዬ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ስታንጎራጉር ትውላለች፤ አንድ ቀን አኩርፋ አታውቅም። ሸጋ ናት። ሰንበት ሰንበት ደግሞ አሳርፋታለሁ።»

«እንዴት ያሳርፏታል?»

«ቅዳሜ ሲመሽ አጠፋታለሁ፤ ሰኞ ማለዳ አስነሣታለሁ። በሬ እንኳ በሰንበት አይጠመድ፣ እሷን ማን ይጠምዳታል?»

እኛ ጎንደር ሆነን እሑድን የመረጥነው ማንም የማይነካት ቀን ነው ብለን ነበር። እሳቸውም የሚያጠፏት ስለዚያው ነው። ጋቢውን አንሥቼ ፍላሹን ስሰካ ከኋላዬ ቆመው፣ «ሸጋ አርገሽ አብጃት» አሉኝ። «የጥሩዬም ወረቀት በእሷ ነው የሚመጣው። የቤቴ ሰው ናት። አንገቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ከዚያ ቆንጥረው ወሰዱ። አራት ወር ሆናት። ሰኞ ሰኞ ሳስነሣት አስቀድሜ የምጠይቃት እሱን ነው፤ ‹አመጣሽልኝ?› እላታለሁ። ሲስተር አልመጣም ትለኛለች።»

እድሳቱ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ውጤቶቹ ከላይ ወደ ታች ወረዱ፤ አሥራ አንድ ስም። ሦስተኛው የጥሩዬ ነበር፤ በአስቸኳይ ወደ ጎንደር ትላክ ይላል። ከጎኑ የደረሰበት ቀን ተጽፏል፤ አራት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን የቀረው። አያ ጥጋቡ ማንበብ አይችሉም። ፊቴን ግን አነበቡት።

«መጣ?» አሉኝ።

«መጣ።»

«መቼ መጣ?»

በሕይወቴ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄአለሁ፤ እንደዚህ አጭር የሆነ አልገጠመኝም። ደስ እንዲላቸው ፈለግሁ። እንዳይቆጡኝም ፈለግሁ። «ዛሬ፣ አያ ጥጋቡ» አልኩ። «አሁን ነው የመጣው።»

ትከሻዬን ሳሙኝ። «እግርሽ ይባረክ፤ ይዘሽልን መጣሽ» አሉ። ስመለስ አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት አሸከሙኝ። ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ሳልነካው ደረቀ።

እማማ ጥሩዬ በዚያው ሳምንት ጎንደር መጡና አዘዞ ዘመድ ቤት አረፉ። ብርቱካን ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ትንሽ ሴት ናቸው፤ አንገታቸውን በሻሽ ጠቅልለዋል። «አንች ነሽ የሳጥኗ ልጅ?» አሉኝ። «ባሌን ወሰደችብኝ እኮ! እኔን ያላለበሰኝን ጋቢ እሷን አለበሳት።» ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄን እዚያው ትቼ ብሄድ ደስ ባለኝ። የሚያክማቸውን ሐኪም ለብቻው ስጠይቀው፣ «ቀደም ብለው ቢመጡ ይሻል ነበር። ይበቃ ነበር ወይ? እሱን አላውቅም» አለኝ። ያን «አላውቅም» ለብዙ ዓመት መደበቂያ አደረግሁት። እማማ ጥሩዬ በዓመቱ መስከረም ላይ ዐረፉ። ለተዝካራቸው ወጣሁ። አያ ጥጋቡ ከፊት አስቀመጡኝና፣ «ወረቀቷን ይዛልን የመጣችው ይችው ናት» እያሉ ለእንግዳው ሁሉ አሳዩኝ።

ስክሪፕቱን ወዲያው አስተካክዬዋለሁ። ያልመለሰች ጣቢያ ስሟ ከሁሉ በፊት፣ በዘገባው ራስ ላይ ይጻፍ ጀመር፤ «ደህና» የሚለው ቃል ተጣርቶ ካልተረጋገጠ አይጻፍም። ጋሽ ሙሉነህ ሰኞ ማለዳ ኮታቸውን ሳያወልቁ ቆመው ያነቡት ነበር። ጡረታ ወጥተው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ እሳቸውም ዐረፉ። ቢሮው ተዘጋ፤ ሰርቨሮቹ በሌላ ተተኩ። ያ ሁለተኛ ፎቅ አሁን የሞባይል ቀፎ ይሸጥበታል፤ ፎቶ ቤቱ ቁርስ ቤት ሆኗል፤ የማኪያቶውን ዋጋ አልናገርም። መንገዱም ሲዘጋና ሲከፈት ከረመ። በየዓመቱ በዓል ሲደርስ አያ ጥጋቡ በሰው ስልክ ደውለው፣ «አለሽልኝ ልጄ?» ይሉኛል። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላቸዋለሁ።

የመምህሩን ጥያቄ በወረቀት መመለስ ነበረብን። የጻፍኩት ስክሪፕት ሙሉ ነጥብ አገኘ፤ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «በጣም ጥሩ፤ ይህን ጥንቃቄ ከየት አመጣሽው?» ብለው ጻፉበት። ያቺን ወረቀት ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ፋሲካ አልፎ መንገዱ ክፍት መሆኑን ስሰማ ወደ ላይ ሄድኩ።

አያ ጥጋቡ አሁን በልጃቸው በአበባ ቤት ይኖራሉ። ዓይናቸው ከጥላ በቀር አያይም። ጉልበታቸው ላይ ያ ጋቢ አለ፤ ቀዳዳው አልተደፈነም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ አበባ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች። እንዳልፈራ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው፦ ወረቀቱ በዚያ ቀን እንዳልመጣ፣ አራት ወር እዚያው እንደነበረ፣ እኔ ማወቅ እየቻልኩ እንዳላወቅሁ።

«ወረቀቱ ቆይቶ እንደነበረማ አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«ከአንች በኋላ ሳጥኗን ሊያይ የመጣው ልጅ ነገረኝ። ‹አያ፣ በሰንበት አያጥፏት፤ መልእክቷ የሚመጣው በሰንበት ነው› አለኝ። ያን ቀን ገባኝ። የጥሩዬ መድኃኒት ደጄ ላይ መጥቶ የዘጋሁበት እኔ ነኝ። ለአንች አልነገርኩሽም፤ የደከምሽበት ነው፤ ምነው ላሳዝንሽ ብዬ። ለንስሐ አባቴ ብቻ ነገርኩ። እሱ ግባ አለኝ፤ እግሬ እንቢ አለ። ከዚያ ወዲህ በሰንበት ከቤተ ክርስቲያኑ የውጭ በር አልፌ አላውቅም። እዚያው ቆሜ እሰማለሁ።»

እንደዚያ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ዝም ስል የራሴን ጥፋት ብቻ የደበቅሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ሸክሙን ለሳቸው ትቼው ኖሯል የሄድኩት። «የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አልኳቸው። «ሲያጠፏት ስክሪፕቱ ‹ላይ ጣቢያ አልመለሰችም› ብሎ ጽፎልኛል። ባነበው ኖሮ ሰኞ ዕለት በመስመር እልከው ነበር።»

«ስንት ጊዜ ጻፈልሽ?»

«አራት ጊዜ።»

«አራት ጊዜ» አሉ፤ ጣታቸውን በጋቢው ቀዳዳ አስገብተው እያዞሩ። «እኔ ማንበብ አልችልም፣ ልጄ። አንች ግን ትችይ ነበር።»

«እችል ነበር።»

የተናገሩኝ ክፉ ቃል ይኸው ብቻ ነው። ከዚያ፣ «ይኸ ነገር እንዲህ ለሁለት ተቀምጦ አይነገርም» አሉ። «ነገ በማለዳ ሰው ይጠራል። እንደ መርዶ ቆመሽ ትነግሪያለሽ።»

በማግስቱ ጠዋት ከቅዳሴ በፊት ሰው ተሰበሰበ፤ አበባና ባሏ፣ ጎረቤቶች፣ ጡረታ የወጣችው ሲስተር በላይነሽ። ቆሜ ነገርኳቸው። «አላውቅም» ያለውን ሐኪም አልጠቀስኩም። ሲስተር በላይነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አበባ፣ «እናቴ ያን ሁሉ ሰኞ ‹ዛሬስ?› ስትል ነበር» አለችና ወጥታ ሄደች። ተመልሳ አላየችኝም፤ እስካሁንም አላናገረችኝም፤ መብቷ ነው። አያ ጥጋቡ በትራቸውን ይዘው ተነሡና፣ «ምሪኝ» አሉኝ።

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ሄድን። የውጭው በር ጋ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ቆሙ። «ክፍት ነው?» አሉኝ። «ክፍት ነው፣ አያ ጥጋቡ» አልኳቸው፤ መጀመሪያ አይቼ፣ ከዚያ ነው የመለስኩት። እጃቸውን ከትከሻዬ አነሡና በበትራቸው ደፉን ነክተው ገቡ። እኔ ከውጭ ቀረሁ። ዕለቱ እሑድ፣ ዳግማይ ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 19 ቀን ነበር።